ቦርጭ ለመቀነስ መጀመሪያ ተኙ

ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው መቼ እንደሚጀምር ይታወቃል። ሰኞ ነው። እንጀራ ይተዋል፣ እራት ይተዋል፣ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል። ረቡዕ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ እሱ ፍሪጅ ፊት ቆሟል። መብራት እንኳ አላበራም። የቀን ፍርፍር ከነድስቱ ይዞ በእጁ እየቆነጠረ ይበላል። እኔም ስንቱን ሰኞ እንዲህ ጨርሼዋለሁ።

ብዙዎቻችን ይህን «ሆዳምነት» ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የነቃ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለሥራ የሚነሣ ሰው ስድስት ሰዓት እንኳ አይተኛም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይርበዋል። የሚያምረውም ጎመን አይደለም።

በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አልጋ ላይ አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲያድሩ አደረጉ። በሌላ ጊዜ እነዚያኑ ሰዎች አሥር አሥር ሰዓት አስተኟቸው። እንቅልፍ ባነሰበት ጊዜ ሌፕቲን የሚባለው፣ ለአንጎል «ጠግበናል» የሚለው ሆርሞን በ18 በመቶ ወረደ። ረሃብ ቀስቃሹ ግሬሊን በ28 በመቶ ወጣ። ሰዎቹ የተሰማቸው ረሃብም በ24 በመቶ ጨመረ። ምን አማራችሁ ሲባሉ ጣፋጭ፣ ጨው ያለበትና ዳቦ ዳቦ የሚል ነገር መረጡ።

«ነቅቼ ባመሽ ጉልበት አቃጥል የለ?» የሚል አይጠፋም። ታቃጥላላችሁ፣ ግን ትንሽ ነው። በ2013 ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አምስት ቀን ሙሉ በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎችን አየ። ያቃጠሉት ጉልበት በ5 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። የበሉት ግን ከዚያ በልጦ ተገኘ፤ በተለይ ከእራት በኋላ። በአምስት ቀን ብቻ 0.8 ኪሎ ያህል ጨመሩ።

እኔን በጣም ያሳመነኝ በ2022 የወጣው ነው፤ እሱም ከቺካጎ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ በሌሊት ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎች ተመረጡ። ለግማሾቹ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ እንቅልፍ ምክር ተሰጣቸው። ስለ ምግብ አንድም ነገር አልተነገራቸውም። ቤታቸው ሆነው በቀን 1.2 ሰዓት ያህል የበለጠ ተኙ። የሚበሉትም በቀን 270 ካሎሪ ገደማ ቀነሰ። ማንም «ተዉ» ሳይላቸው።

ስለዚህ እኛም ከመኝታ ቤት እንጀምራለን። ወጥ ቤት እንገባለን፣ ግን ሁለት ሳምንት በደንብ ከተኛን በኋላ።

1. የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ

ሚዛን ብቻውን አይበቃም። ጫማችሁን አውልቁ፣ ልብሳችሁን ከፍ አድርጉ። ሜትሩን ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ሆድ ላይ አዙሩት። ተንፍሱና ለኩ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ የለም፤ ማንም አያያችሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ይኸው ነው። ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድ ለልብ ሕመምና ለስኳር የመጋለጡ ነገር መጨመር ይጀምራል፤ ከ102 ካለፈ በጣም ይጨምራል። ለሴት ቁጥሮቹ 80 እና 88 ናቸው።

ከዚያ ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁን በሜትር ያዙ። ክብደቱን ለቁመት አካፍሉ፣ የወጣውን እንደገና ለቁመት አካፍሉ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቱ 82 ኪሎ የሆነ ሰው 29 ገደማ ያገኛል። ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት ነው። ከ30 ጀምሮ ውፍረት ይባላል። ይህ ሰው 82ቱን ወደ 60 ማውረድ የለበትም። ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ ቢቀንስ ደም ግፊቱም ስኳሩም መሻሻል ይጀምራል።

2. ሰባት ቀን ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ

ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ የተኛችሁበት ሰዓት፣ የነቃችሁበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ቡና ወይም ሻይ፣ የመጨረሻው ጉርሻ። ጉርሻ ስል የእራቱን አይደለም። ቴሌቪዥን ፊት የተቆረጠመችው ቆሎም ትቆጠራለች።

አልጋ ላይ የወጣችሁበትንና እንቅልፍ የወሰዳችሁን ሰዓት አታቀላቅሉ። ብዙ ሰው «4 ሰዓት ነው የምተኛው» ይላል። 4 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ይገባል፣ 6 ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ ነው።

3. መጀመሪያ የመነሻውን ሰዓት ቁረጡ

ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልጋል። መኝታን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም፤ መነሣትን ግን ይቻላል። ስለዚህ የምትነሡበትን ሰዓት ወስኑ፤ ቅዳሜና እሁድም ያው ይሁን፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ዝንፍ ይበል። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ማጥፋት አለበት። ሰባት ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ ማለት ነው። ግማሿ ሰዓት ለመገላበጥ ትሁን።

አሁን 6 ሰዓት ላይ የምትተኙ ከሆነ በአንድ ቀን 4 ሰዓት ተኩል አትበሉ። ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ ጣሪያ ታያላችሁ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ እየሳባችሁ አምጡት።

ስልኩ ሳሎን ይደር። «አላርሜ ስልኬ ላይ ነው» ለሚል፣ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት አለ። የጎረቤት ግሮሰሪ ሙዚቃ ወይም የውሻ ጩኸት ከሆነ ችግራችሁ፣ ፋርማሲ ውስጥ የጆሮ መድፈኛ ይሸጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ የደረጃው መብራት በመስኮት ከገባ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፤ ብርድ ልብስም ይሠራል።

ሁለት ሳምንት ይህን ብቻ ሥሩ። ምግብ አትንኩ። አውቃለሁ፣ ይህ ነው የሚከብደው። «አሁኑኑ ልክሳ» የሚል ሰው ሁለት ሳምንት ተኛ ሲባል የተቀለደበት ይመስለዋል። እስቲ ይህን ስሙ። በ2010 የወጣ ሌላ የቺካጎ ጥናት ወፍራም ሰዎችን ሁለት ሳምንት ተመሳሳይ የተቀነሰ ምግብ አበላቸው። አንድ ጊዜ በሌሊት 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ ቆዩ። ሚዛን ላይ የቀነሱት ያው 3 ኪሎ ገደማ ነው። በደንብ ሲተኙ ግን ከዚያ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር። እንቅልፍ ሲያጡ 0.6 ብቻ። የቀረው ከጡንቻና ከመሳሰለው ነው የሄደው። ተርበው ቦርጩ እዚያው።

4. ቡናውን በቀን ጨርሱት

ቡና ተዉ የሚል ነገር ከእኔ አትሰሙም። ሰዓቱን ግን እንነጋገር። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ካፌይን ደሙ ውስጥ ነው። ቶናና በረካ ከተከተሉማ ተዉት። በአንድ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ነጥቋል።

ድንበሩ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን። ማታ ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብላ ከጠራች ሂዱ፤ ፈንዲሻውን ቅመሱ፣ ጨዋታውን ተጫወቱ፣ ስኒውን «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ። ለበጎ የተዋሸ ነው።

ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። ቀን ምግብ ይዘጋል፣ በስኳርና በለስላሳ ይካሳል፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይገባል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከዚያ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፣ ማንኮራፋትንም ያብሳል። ካሎሪውም ቀላል አይደለም፣ አንድ ቢራ 140 ገደማ ነው።

5. እራቱን ወደዚህ ሳቡት

ሁለቱ የእንቅልፍ ሳምንታት ሲያልቁ ምግብ ውስጥ እንገባለን። መጀመሪያ ሰዓቱ። በመጨረሻው ጉርሻና በመኝታ መካከል ሦስት ሰዓት ይኑር። 4 ሰዓት ተኩል ለሚተኛ ሰው እራት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ትራፊክ ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። 2 ሰዓት ላይ ቤቱ የሚገባ ሰው ምን ያድርግ? ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ ይብላ። 11 ሰዓት ላይ ቢሮ ሳለ እፍኝ ቆሎ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይያዝ። ቤቱ ሲደርስ የሚጠብቀው እራት ቀለል ይበል፦ ሾርባ፣ ጎመን፣ ግማሽ እንጀራ በምስር። ቁርስ ሳይበላ፣ ምሳ በማኪያቶ አልፎ ማታ ላይ ሁሉን አንድ ላይ የሚያወርድ ሰው አውቃለሁ። «በቀን አንዴ ነው የምበላው፣ ግን እወፍራለሁ» ይላል። አንዴዋን አይቻታለሁ።

6. ዘይቱን በማንኪያ ቁጠሩ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ሳናየው የሚገባው ካሎሪ ብዙው የተደበቀው እዚህ ነው።

ወጥ ሲሠራ ልብ ብላችሁ እዩ። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ይቁላላል። ከዚያ ጀሪካኑ ይነሣና ዘይቱ ይንቆረቆራል። የሚለካ የለም፤ ልኩ «እስኪበቃው» ነው። በርበሬው ሲገባ ዘይቱን ይመጠዋል፤ እንደገና ጠብ ይደረጋል። ወጡ ሲወርድ ከላይ ቀይ ዘይት ከተንሳፈፈ ባለሙያ የሠራው ነው ይባላል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። አሁን የራሳችሁን ቤት አስሉ። አራት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በወር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል። ሦስት ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ወደ 345 ካሎሪ፣ በየቀኑ፣ እንጀራውና ሽሮው ገና ሳይቆጠር። ያው ጀሪካን ሁለት ወር እንዲቆይ ከተደረገ ግማሹ ይቀራል። የዘይትን ዋጋ ለሚያውቅ ኪስም እፎይ ይላል።

እንዲህ አድርጉ። ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በማርከር እላዩ ላይ ጻፉ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ቡናማ እስኪሆን አቁላሉ። ሲይዝባችሁ ሞቅ ያለ ውሃ ጠብ አድርጉ። ዘይቱን በርበሬው ሲገባ በማንኪያ ለክታችሁ አግቡ፤ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ይበቃል። ቁሌቱን አታጣድፉ፤ ጣዕሙ ከእሱ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰብ ያጉረመርማል። እኛ ቤት «ይህ የሆስፒታል ወጥ ነው» ተብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዝም አሉ።

ቅቤም ያው ነው። ንጥር ቅቤ የተባረከ ነገር ነው፣ ካሎሪው ግን ከዘይት ብዙ አይርቅም።

7. ትሪው ላይ

እንጀራ ተዉ የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። የጤፍ እንጀራ ከነገለፈቱ የተፈጨ እህል ነው፤ ሽሮና ምስር ደግሞ ፕሮቲንም አሰርም (ፋይበር) አላቸው፣ ቶሎ ያጠግባሉ። ችግሩ ከትሪ ላይ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ለብቻ ሳህን መያዝ ደግሞ በኛ ቤት ኩርፊያ ይመስላል።

ትሪውን ሳትተዉ ሦስት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ትሪው ላይ ግማሹን ቦታ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር የመሰለው ይያዘው። የመጀመሪያው እንጀራ ሲያልቅ ሌላ ከመጨመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ተጫወቱ። ሦስተኛው ያማል፦ ወጥ ጠጥቶ የራሰውን የትሪውን ስር ተዉት። የሚጣፍጥ እሱ እንደሆነ አልጠፋኝም። ዘይቱ ሁሉ የወረደው እዚያ ነው።

«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» የሚል አጉራሽ ከመጣ ተቀበሉ። ግን የራሳችሁን አንዲት ጉርሻ ቀንሱ።

8. የሚጠጣው ስኳር

ይህ አጭር ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ገደማ ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ50 ግራም አትለፉ፣ ከቻላችሁ ከ25 በታች ይሁን ይላል። በየሳምንቱ ከአንድ ስኒ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጁስ መጠጥ ሳይሆን ምግብ ነው፤ ምሳ ላይ ደርቦ መጠጣት ሁለት ምሳ መብላት ነው። የታሸገ ብስኩትና ቺፕስ ቤት ውስጥ አይግባ። ከገባ ሌሊት ትገናኛላችሁ።

9. የሚያንኮራፋ ካለ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሰባት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት የሚነሣ ሰው አለ። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል፤ ጠዋት ራሱን ያመዋል። ማታ ጮክ ብሎ ያንኮራፋል፣ በመሃል ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው ተንፍሶ ይመለሳል። አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ጠይቁ። ይህ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። ውፍረት ያመጣዋል፣ በተለይ አንገት ሲወፍር፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ እየቆራረጠ ውፍረቱን ያግዛል።

በጎን መተኛትና ማታ አልኮል አለመጠጣት ይረዳል። ክብደት መቀነስም እንዲሁ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን በተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል ክብደቱ በ10 በመቶ የቀነሰ ሰው የትንፋሽ መቋረጡ በ26 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ግን ምልክቱ ካለ ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው፤ በተለይ መኪና ለሚነዳ። የሚረዳ መሣሪያም አለ።

ጾም ላይና ሌሊት ሥራ ላይ ላላችሁ

ጾም በራሱ አያከሳም። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና በዘይት የዋኘ ፓስታ ከተተካ ጾመኛም ይወፍራል። 9 ሰዓት ላይ የምትፈቱ ከሆነ እሱን ዋና ምግብ አድርጉት፤ ማታ ላይ እንደገና ዋና ምግብ አይደገም። በረመዳን ለሱሑር የምትነሡ ከተራዊሕ በኋላ ቶሎ ተኙ፤ የጎደለውን በቀን አጭር እንቅልፍ ሙሉት።

ዋሽንግተን ሆኖ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ወይም እዚህ በጥበቃ ሥራ የሚያድር ሰው ከላይ ያልኩት ሰዓት አይሠራለትም። ዋናውን ምግብ ወደ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ብሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ከተራባችሁ እንቁላል ወይም እፍኝ ለውዝ ያዙ፤ ትልቅ ምግብ አይሁን። ቤት ስትደርሱ ክፍሉን አጨልሙና በቀጥታ ተኙ። በዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ደግሞ እንቅልፏ በእጇ አይደለም። ለእሷ «ሰባት ሰዓት ተኚ» ማለት ይከብደኛል። ቢያንስ ማታ ከሰው የተረፈውን ጣፋጭና ሩዝ ድካምን ለመርሳት መብላቱን ብትቀንስ፣ በቀን የምታገኛትን ሃያ ደቂቃ ለስልክ ሳይሆን ለዓይኗ ብትሰጥ።

የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች የምግብ ሰዓትና መጠን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

10. በየሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ተመዘኑ

እሁድ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ከቁርስ በፊት። ወገብም ክብደትም። በየቀኑ መመዘን ያበሳጫል፤ ጨው የበዛበት እራት ብቻ አንድ ኪሎ ውሃ ሊይዝ ይችላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ጥሩ ነው።

ትንሽ ስትቀንሱ ሰው ማውራት ይጀምራል። «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ይባላል። ስትወፍሩ «ተመችቶሃል» ያለው ሰው ነው። «ተኝቼ ነው» በሉት፤ ግራ ይግባው።

ምግብ ከነካችሁ አራት ሳምንት ሆኖ ወገቡም ሚዛኑም ካልተነቃነቀ ደብተሩን ክፈቱ። መጀመሪያ የቅዳሜ ማታውን መስመር አንብቡ። «የተኛሁበት፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። የመጨረሻው ጉርሻ፦ 7 ሰዓት ተኩል፣ ጥብስ» የሚል ካገኛችሁ ሌላ ምክንያት ለመፈለግ አትድከሙ።